የአየርላንድ ሕዝብ በ2012 ድምጽ የሰጠው በምን ላይ ነበር?

ጥያቄ፦ «ደብሊን ከገባሁ 11 ዓመቴ ነው። ባለፈው ዓመት ዜግነት አገኘሁ። ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ለትምህርት ቤት ክርክር የ2012ቱ የአውሮፓ የበጀት ስምምነት ሕዝበ ውሳኔ ደርሷታል፤ እሷ በተቃዋሚ ወገን ናት። ማታ ማታ የፓርላማውን የድሮ ክርክር አውጥታ ስታነብ ታመሻለች። እኔም የማውቀውን ነገርኳት፦ ሕዝቡ ቁጠባውን፣ ማለትም የደመወዝ ቅነሳውንና አዲሱን ግብር፣ ራሱ ፈቅዶ ተቀበለ፤ እንቢ ቢል ኖሮ ከዩሮ ይወጣ ነበር፤ ሌሎቹ አገሮች ደግሞ ሕዝባቸውን ስለፈሩ በፓርላማ ጨረሱት አልኳት። ‹እማዬ፣ አንዱም ልክ አይደለም› አለችኝ። ማናችን ነን ትክክል? ለመሆኑ እንዲህ ያለ ነገር ዳግም ቢመጣ እኔ መምረጥ እችላለሁ?»

ምላሽ፦ ልጅዎ ትክክል ናት። ሦስቱም አባባል መታረም አለበት። ግን አይዘኑ፤ ያኔ ከሁለቱም ወገን ብዙ ፖለቲከኛ እንደዚሁ ሲናገር ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ሕዝበ ውሳኔው ለምን መጣ? ይህን ሳይረዱ የፓርላማውን ክርክር ማንበብ ድካም ነው። በ2011 መጨረሻ የዩሮ ቀውስ ጣሪያ ነክቶ ነበር። ጀርመን የበጀት ዲሲፕሊኑ በአውሮፓ ኅብረት ስምምነት ውስጥ እንዲጻፍ ፈለገች። በዲሴምበር 2011 ብራስልስ ላይ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን አልፈርምም አሉ። የኅብረቱን ስምምነት ለመቀየር ሁሉም አባል መስማማት አለበት። አንዱ እንቢ ካለ አለቀ። ስለዚህ ሌሎቹ በጎን ዞሩ። ከኅብረቱ ሕግ ውጪ፣ በመንግሥታት መካከል የሚደረግ ሌላ ስምምነት ጻፉ። ማርች 2 ቀን 2012 ከ27ቱ አባላት 25ቱ ፈረሙ። እንግሊዝና ቼክ ቀሩ።

ይህ «በጎን መዞር» ነው አየርላንድን ጣጣ ውስጥ የከተታት። የአየርላንድ ሕገ መንግሥት ለኅብረቱ አባልነት አስፈላጊ የሆኑ ሕጎችን ከለላ የሚሰጥ አንቀጽ አለው። ይህ ስምምነት ግን የኅብረቱ ሕግ አይደለም። ከለላው አይሸፍነውም የሚል ከባድ ጥርጣሬ ነበር። በዚያ ላይ የክሮቲ ፍርድ አለ።

ሬይመንድ ክሮቲ በግብርና የኖረ፣ በኋላም የኢኮኖሚ ምሁር የሆነ ሰው ነበር። በ1986 መንግሥት የአውሮፓን ነጠላ ሰነድ የሚባለውን ስምምነት ሕዝብ ሳይጠይቅ ሊያጸድቅ ሲል ፍርድ ቤት ሄደ። በገና ዋዜማ የእግድ ትእዛዝ አገኘ። በኤፕሪል 1987 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 3 ለ2 ፈረደለት። መንግሥት በውጭ ጉዳይ ያለውን የመወሰን ሥልጣን በስምምነት አሳልፎ የሚሰጥ ከሆነ ሕዝቡ መጠየቅ አለበት ተባለ። ስምምነቱ ከጃንዋሪ ወደ ጁላይ ተገፋ። ለአንድ ሰው ክስ መላው የአውሮፓ ማኅበረሰብ ስድስት ወር ጠበቀ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የአየርላንድ መንግሥት ከአውሮፓ የሚመጣ ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ክሮቲን ያስባል። ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከካናዳ ጋር የተደረገውን የንግድ ስምምነት በነበረው ሕግ ማጽደቅ አይቻልም ብሎ ወስኗል። ከሳሹ የፓርላማ አባል ነበር።

እናም ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2012 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኤንዳ ኬኒ በታችኛው ምክር ቤት፣ በዶይል፣ ቆመው ሕዝበ ውሳኔ እንደሚደረግ ተናገሩ። የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓ ምክር ሚዛኑ ሲታይ ሕዝቡ መጠየቅ አለበት የሚል ነው አሉ። ልብ ይበሉ፣ «ያለ ጥርጥር» አልተባለም። የስምምነቱ አንቀጽ 3 አገሮች የበጀት ደንቡን በቋሚ ሕግ «ቢቻል በሕገ መንግሥት» እንዲያስገቡት ይላል። «ቢቻል» የምትለዋ ቃል የገባችው አየርላንድን ከሕዝበ ውሳኔ ለማዳን ነው ብለው የጠረጠሩ ተቃዋሚዎች ነበሩ። ከሆነም አላዳነቻትም።

በዶይል የነበረው አሰላለፍ የሚገርም ነው። የሚገዙት ፊነ ጌልና ሌበር «እሺ» አሉ። ዋናው ተቃዋሚ ፊና ፎይልም «እሺ» አለ። ሺን ፌን፣ የግራ ክንፉ ጥምረትና የተወሰኑ የግል ተወካዮች «እንቢ» አሉ። የፊና ፎይል ምክትል መሪ ኤመን ኦ ኩዊቭ ደግሞ ከፓርቲያቸው ተለይተው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ኦ ኩዊቭ የኤመን ዴ ቫሌራ የልጅ ልጅ ናቸው። የ1937ቱን ሕገ መንግሥት በዋናነት ያዘጋጁት እኚያ አያት ናቸው። ልጅዎ ለመክፈቻ ታሪክ ከፈለገች ይህ ይበቃታል።

አሁን ወደ እርስዎ አባባሎች።

«ሕዝቡ ቁጠባውን ፈቅዶ ተቀበለ» የሚለው አይሆንም። ሲጀመር ወረቀቱ ስለ ቁጠባ አልጠየቀም። የአየርላንድ የሕዝበ ውሳኔ ወረቀት ደረቅ ነገር ነው። የሕጉን ረጅም ስም ይጽፋል፤ በውስጡ የተያዘውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ይደግፋሉ ወይ ይላል፤ ከዚያ ሁለት ሳጥን። አንዱ «ታ» ነው፣ እሺ። ሌላው «ኒል»፣ እንቢ። አንዱ ላይ የኤክስ ምልክት ያደርጋሉ። በቃ። «የቁጠባ ስምምነት» ብለው የጠሩት ተቃዋሚዎች ናቸው። ደጋፊዎቹ «የመረጋጋት ስምምነት» ይሉታል። ሁለቱም ስም የማስታወቂያ ሰሌዳ ቋንቋ ነው።

ከዚያም በላይ፣ ቁጠባው ከስምምነቱ በፊት ነበር። አየርላንድ በኖቬምበር 2010 የ85 ቢሊዮን ዩሮ የማዳኛ እሽግ ወስዳለች። ከዚህ 67.5 ቢሊዮኑ ከውጭ የተገኘ ብድር ነው። የደመወዝ ቅነሳው፣ አዲሱ ግብር፣ የተዘጋው የጤና አገልግሎት የዚያ ብድር ቅድመ ሁኔታ ነው፤ አንዳንዱም ከዚያ በፊት የተጀመረ። በስምምነቱ ውስጥ ካሉት ደንቦች ብዙዎቹም አዲስ አልነበሩም። ጉድለት ከአገር ምርት 3 ከመቶ አይበልጥ የሚለው የቆየ የኅብረቱ ሕግ ነው፤ ዕዳ ከምርቱ 60 ከመቶ በላይ ከሆነ ከ60 በላይ ያለው በየዓመቱ አንድ ሃያኛው ይቀነስ የሚለውም ከዲሴምበር 2011 ጀምሮ የኅብረቱ ሕግ ሆኗል፤ ሁለቱም በአየርላንድ ላይ ይሠሩ ነበር። ሕዝቡ «ኒል» ቢል እነሱ አይነሱም። አዲሱ ነገር ጠበቅ ያለችው መዋቅራዊ ጉድለት የምትባለዋ ደንብ ናት። ከአገር ውስጥ ጠቅላላ ምርት ከ0.5 ከመቶ አትለፍ ትላለች፤ ዕዳዋ እጅግ ዝቅ ላለ አገር እስከ 1 ከመቶ ይፈቀዳል። ይህን በአገር ሕግ ያላስገባ አገር በአውሮፓ ፍርድ ቤት ሊከሰስና እስከ ምርቱ 0.1 ከመቶ ሊቀጣ ይችላል።

ይህች ደንብ ላይ ቆም እንበል። በፓርላማው ክርክር ውስጥ በጣም ጠቃሚውና በጣም በጥድፊያ የታለፈው ጉዳይ ይህ ነው።

ልኳንዳ ቤት ያለው ሰው ያስቡ። በሁዳዴ 55 ቀን ገበያ የለም። መጋቢት ላይ ደብተሩ ኪሳራ ቢያሳይ ማንም አይደነግጥም፤ ፋሲካ ሲደርስ ይካካሳል። በፋሲካ ሳምንት ራሱ ከከሰረ ግን ጥፋቱ የጾሙ አይደለም። ኪራዩ በዝቷል፣ ወይ በሬውን በውድ ገዝቷል፣ ወይ የሚሠራለት ሰው ይሰርቀዋል። ጾሙም ፋሲካውም ተቀንሶ የሚቀረው ኪሳራ ነው መዋቅራዊ የሚባለው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። አገር በክፉ ቀን እንዲበደር፣ በደህና ቀን እንዲከፍል ይፈቅዳል።

ችግሩ፣ ልኳንዳው የቀን መቁጠሪያ አለው። ፋሲካ መቼ እንደሆነ ያውቃል። ኢኮኖሚ የቀን መቁጠሪያ የለውም። ኢኮኖሚው «በደህና ቀኑ» ስንት ያመርታል የሚለው በሞዴል የሚገመት ቁጥር ነው፤ ከዓመታት በኋላም ይከለሳል። አየርላንድን ራሷን ይመልከቱ። በ2007 በጀቷ ጉድለት አልነበረበትም። ዕዳዋ ከምርቷ 25 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበር። እንደ ደንቡ ቢሆን የክፍሉ ጎበዝ ተማሪ ናት። ገንዘቡ ግን ይመጣ የነበረው ከቤት ሽያጭና ከግንባታ ግብር ነው። ፋሲካውን የዘወትር ገበያ አድርገው ቆጠሩት። በ2008 የቤት ገበያው ተናደ፤ መንግሥት ለባንኮቹ ዋስ ሆነ፤ በ2010 ጉድለቱ ከምርቱ 30 ከመቶ አለፈ። አብዛኛው ለባንክ የፈሰሰ ነው። የ2007ቱ ቁጥር በኋላ ሲከለስ ያ ትርፍ የመሰለው ነገር ትልቅ መዋቅራዊ ጉድለት ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ይህ ስምምነት በ2007 ቢኖር ኖሮ ቀውሱን ያስቀር ነበር? አያስቀርም። ደወሉ አይጮህም ነበር። ከ«እንቢ» ወገን ክርክሮች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው። (የአየርላንድ ጠቅላላ ምርት ራሱ ጉደኛ ቁጥር ነው። በ2015 በአንድ ዓመት 25 ከመቶ ገደማ «አድጓል»፤ ያደገው ግን በአብዛኛው የግዙፍ ኩባንያዎች የሂሳብ መዝገብ ነው። በእንዲህ ያለ ቁጥር 0.5 ከመቶ መለካት ምን ያህል እንደሚታመን ይገምቱ።)

«እንቢ ቢሉ ከዩሮ ይወጡ ነበር» የሚለውም ሐሰት ነው። ስምምነቱ ማንንም ከዩሮ የሚያስወጣ አንቀጽ የለውም። ይህን ወሬ ግን እርስዎ አልፈጠሩትም። የገንዘብ ሚኒስትሩ ማይክል ኑናን ራሳቸው በ2011 መጨረሻ፣ ሕዝበ ውሳኔ ቢመጣ ጥያቄው በዩሮ መቆየት ወይም አለመቆየት ነው የሚል አስተያየት ሰጥተው ነበር። ሚኒስትር ያለውን ሕዝብ ቢደግመው አይፈረድበትም።

«ኒል» ስምምነቱንም አይገድለውም ነበር። ይህን ብዙ ሰው ይረሳል። በ2001 የኒስ ስምምነት፣ በ2008 የሊዝበን ስምምነት በአየርላንድ ሲወድቁ መላው አውሮፓ ቆመ። ሁሉም ማጽደቅ ነበረበትና። ለዚህ ነው ሁለቱንም ጊዜ ሕዝቡ ተመልሶ የተጠየቀው። የ2012ቱን የጻፉት ሰዎች ከዚያ ተምረዋል። ከ17ቱ የዩሮ አገሮች 12ቱ ካጸደቁ ይበቃል አሉ። የአየርላንድ መራጭ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፓን የማቆም ኃይል ሳይኖረው ድምጽ ሰጠ።

ታዲያ እውነተኛው ጉዳይ ምን ነበር? እድር ነው። በዚያው ሰሞን የዩሮ አገሮች ቋሚ የችግር ጊዜ ፈንድ እያቋቋሙ ነበር፤ የማበደር አቅሙ 500 ቢሊዮን ዩሮ። በመተዳደሪያው መግቢያ ላይ ከማርች 2013 ጀምሮ አዲስ ብድር የሚያገኘው የበጀት ስምምነቱን ያጸደቀ ብቻ ነው የሚል ተጻፈ። የእድሩን ደንብ ያልፈረመ ድንኳኑን አያገኝም ማለት ነው። አየርላንድ ያኔ በብድር ላይ ነበረች። ብድሩ በ2013 መጨረሻ ያልቃል። ከዚያስ? ሁለተኛ ብድር ቢያስፈልግ ማን ይሰጣል? የመንግሥት ተወካዮች ከዶይል ጀምሮ በየመድረኩ የደጋገሙት ይህን ነው።

ሺን ፌን መልስ ነበረው፤ መልሱም ቂል አልነበረም። ፈንዱን ለማቋቋም የኅብረቱ ስምምነት አንቀጽ 136 መሻሻል አለበት፤ ማሻሻያውን ደግሞ አየርላንድን ጨምሮ ሁሉም ማጽደቅ አለበት። ስለዚህ የእኛም ፊርማ ያስፈልጋቸዋል፤ ያቺን ቅድመ ሁኔታ ካላነሳችሁ አንፈርምም እንበል አሉ። በወረቀት ላይ የሚያስኬድ ነው። በተግባር ግን በሌላው ገንዘብ የሚኖር ተበዳሪ አበዳሪውን ፈንድህን አቆምብሃለሁ ብሎ ማስፈራራቱ ነው፤ ገበያው በየቀኑ እያየ። ከዶኔጎል የተመረጡት የግል ተወካይ ቶማስ ፕሪንግል ፈንዱን በፍርድ ቤት ሞክረውታል። ጉዳዩ ሉክሰምበርግ ወዳለው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። በኖቬምበር 2012 ፍርድ ቤቱ ፈንዱ ሕጋዊ ነው አለ።

ሌላው ጩኸት «ቀኑ ይራዘም» የሚል ነበር። በሜይ መጀመሪያ ፈረንሳይ ውስጥ ፍራንስዋ ኦላንድ ስምምነቱን እንደገና አደራድራለሁ ብለው ተመረጡ። እነሱ ይጨርሱ፣ እኛ ለምን እንቸኩላለን ተባለ። መንግሥት አልሰማም። ነገሩ ሲያልቅ ኦላንድ ያገኙት በጁን መጨረሻ 120 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ የተባለ የዕድገት ሰነድ ነው። ከስምምነቱ ግን አንዲት ፊደል አልተነካችም። ቢጠብቁም የሚያገኙት ያንኑ ወረቀት ነበር።

ሜይ 31 ቀን ከመራጩ ግማሽ ያህሉ ወጣ። 60 ከመቶው «ታ» አለ። ከ43 የምርጫ ክልሎች «ኒል» ያሉት አምስት ናቸው፤ ሁለቱ የዶኔጎል፣ ሦስቱ የደብሊን። የደብሊኖቹ የሠራተኛው ሰፈር የሚበዛባቸው ናቸው። የቁጠባው በትር የት እንዳረፈ ካርታው ይናገራል።

ያቺ የእድር ካርድ በኋላ ጠቀመች? በቀጥታ አልተመዘዘችም። አየርላንድ በዲሴምበር 2013 ከብድሩ ስትወጣ መጠባበቂያ እንኳን አልጠየቀችም። ከፈንዱ የተበደሩት ስፔን፣ ቆጵሮስና ግሪክ ናቸው። ግን ከዚህ ተነስቶ «ያኔ የተባለው ሁሉ ማስፈራሪያ ነበር» ማለት ችኮላ ነው። በሴፕቴምበር 2012 የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ የተቸገሩ አገሮችን ቦንድ ለመግዛት ሲወስን፣ አገሩ በዚሁ ፈንድ ፕሮግራም ውስጥ መግባቱን ቅድመ ሁኔታ አድርጓል። ፈንዱ የተዘጋበት አገር ይህም ይዘጋበት ነበር። አበዳሪ የሚያየው እንዲህ ያለውን ነገር ነው። እኔ በዚያ ቀን ድምጽ ቢኖረኝ «ታ» እል ነበር። ደስ እያለኝ ግን አይደለም።

«ሌሎቹ ሕዝባቸውን ፈርተው በፓርላማ ጨረሱት» የሚለው የመጨረሻው ነው። አጭር መልስ ይበቃዋል። የሌሎቹ ሕገ መንግሥት በዚህ ጉዳይ ሕዝበ ውሳኔን ግዴታ አላደረገም። በፈረንሳይ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ማሻሻያ አያስፈልግም ካለ በኋላ ብሔራዊ ሸንጎው በኦክቶበር 477 ለ70 አጸደቀው። በጀርመን ሁለት ሦስተኛ ድምጽ ተጠየቀ፤ ተገኘ፤ ከዚያም ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ መረመረው። እኛም አገር ቢሆን ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የአየርላንድ መንግሥትም ቢሆን ከሌሎቹ ይልቅ ሕዝቡን ስለወደደ አልጠየቀም። ክሮቲን ስለፈራ ነው።

ለልጅዎ የምመክረው ይህ ነው፤ ከዚህም ባትወጣ እመርጣለሁ። «ቁጠባ ክፉ ነው» ብላ አትጀምር። ተቃራኒዋ «ቁጠባው ከስምምነቱ በፊት ነበር» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጥላታል። በ2007ቱ ቁጥር ትጀምር፤ ደንቡ ያኔ ዝም ይል እንደነበር ታሳይ። ቀጥላ ወደ እድሩ ትሂድ፤ ሰው ጎርፍ ውስጥ ቆሞ ስለ ዋናተኛ ደንብ ድምጽ ስጥ ቢባል ምርጫው ነጻ ነው ወይ ትበል። ይህ መንግሥት በደንብ ያልመለሰው ጥያቄ ነው። ከዩሮ መውጣትን እሷም አታንሳ፤ ከተነሳባት አንቀጹን አሳዩኝ ትበል። ስምምነቱ ራሱ 16 አንቀጽ ብቻ ነው፤ በአንድ ማታ ያልቃል። የፓርላማውን ንግግር ከዚያ በኋላ ብታነብ ይሻላል። አሁን ግን አንቀጹን ሳታውቅ ንግግሩን እያነበበች ይመስለኛል። አንድ ጥንቃቄ ደግሞ አለ፦ የኅብረቱ የበጀት ደንቦች በ2024 ተሻሽለዋል፤ የአንድ ሃያኛው ነገር በኅብረቱ ሕግ ውስጥ ቀርቷል። ስለ 2012 ስታወራ በ«ነበር» ታውራ።

የእርስዎ ድምጽ። አዎ፣ ይችላሉ። በአየርላንድ ሕዝበ ውሳኔ የሚመርጠው የአየርላንድ ዜጋ ብቻ ነው። ዜግነት ከማግኘትዎ በፊት የነበረዎት መብት የአካባቢ ምርጫ ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ወገን ይሳሳታል፤ የዜግነት ወረቀቱ ሲመጣ የመራጮች መዝገቡ በራሱ የሚስተካከል ይመስለዋል። አይስተካከልም። ቀድሞ ተመዝግበው ከነበረ አሁንም የአካባቢ ምርጫ ብቻ መራጭ ተብለው ተጽፈው ይሆናል። ዜግነትዎ መቀየሩን ለአካባቢዎ ምክር ቤት የመራጮች ምዝገባ ክፍል ያሳውቁ፤ በኢንተርኔትም ይቻላል። ቀን ከተቆረጠ በኋላ የሚመጣ ማስተካከያ ለዚያ ምርጫ አይደርስም፤ ስለዚህ ሕዝበ ውሳኔ እስኪጠራ አይጠብቁ። በዚህ ሳምንት ይጨርሱት።